ዓሣው የት ይሸናል?

አዲሎ ላይ ለማኪያቶ ወርጄ የፍርድ ሸንጎ ገጠመኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስቀል ካለፈ አራት አምስት ቀን ሆኖታል፤ የከምባታ ሰው መሳላ የሚለው በዓል ማለት ነው። ከዱራሜ ወደ ሀላባ ቁሊቶ ስንሄድ ሾፌራችን «ቁርስ!» አለና አዲሎ ላይ አቆመ። የገባንበትን ሆቴል ስም አልጠራም፤ ባለቤቷ ደግ ሴት ናት፣ ጥፋቱም የእሷ ብቻ አይደለም። ከሳሎኑ መሃል አንድ ትልቅ አኳሪየም ተቀምጧል። ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በውስጡ ያለው አንድ ዓሣ ብቻ። ግን ምን የመሰለ ዓሣ መሰላችሁ! ከክርኔ እስከ አንጓዬ ይደርሳል። ጥቁር ገላው ላይ ብርቱካናማ ፍም የተበተነበት ይመስላል፤ ጅራቱ ሥር ደግሞ ዓይን የመሰለች ክብ ምልክት አለችው። ኦስካር የሚሉት የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው። አዲሎ ላይ ግን ስሙ ሻምበል ነው። መስተዋቱ አጠገብ ያለፈውን ሰው ሁሉ ዓይኑን እያንከባለለ ስለሚፈትሽ ነው አሉ።

ያን ጠዋት ሻምበል አይፈትሽም ነበር። በጎኑ ተኝቷል። ክንፎቹን ገላው ላይ ለጥፏል፤ ብርቱካናማው ደብዝዟል፤ ስንጥቡ እንደ ወናፍ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በዙሪያው አሥር የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። አሥሩም ፍርድ ይሰጣል።

«ዓይን ነው የበላው» አሉ አንዲት እናት። ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ቆሞ ሲያደንቀውና ፎቶ ሲያነሣው አይተዋል። «ብርድ ነው የመታው፤ ትንሽ አረቄ ጠብ አድርጉበት» አለ የእኛው ሾፌር። አንድ ሽማግሌ «አርጅቶ ነው፤ ተዉት በሰላም ይሂድ» አሉ። አስተናጋጁ ልጅ ደግሞ «አኩርፎ ነው» አለ፤ ሁሉም ሳቀበት። በመጨረሻ አንድ ልብሱ የጸዳ ጎልማሳ ብድግ ብሎ፣ «ኢንፌክሽን ነው፤ ቴትራሳይክሊን ክተቱበት» አለ። ጉባኤው ጸጥ አለ። ካፕሱል የሚያዝዝ ሰው ሲናገር የማይከበርበት አገር የት አለ? ለነገሩ ሁለት ካፕሱል ማታውኑ ገብቶበታል። አሁን የቀረበው ሐሳብ ወደ አራት እንዲያድግ ነው።

«ውኃውስ?» አልኩ እኔ።

ባለቤቷ ተቀየመች። «ውኃው ምን ሆነ? እንደ መስተዋት ጥርት ብሎ የለ እንዴ! ለመሳላ ብዬ ሙልጭ አድርጌ ነው ያሳጠብኩት፤ ድንጋዩን፣ ስፖንጁን፣ ሁሉን በበረኪና!»

ሾፌሩ ይኼን ጊዜ አጋለጠኝ። «ቲቸር ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር።» ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ነበር የሚያስተምሩት?» አለ ባለ ካፕሱሉ። «ሥነ ጽሑፍ» አልኩ። «እ...» አለና ፊቱን ወደ ዓሣው መለሰ።

አንዲት ልጅ ግን አልዞረችም። የባለቤቷ ልጅ ናት፤ አሥረኛ ክፍል። ከመስተዋቱ ጎን ቁጢጥ ብላ ሻምበልን እያየች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «ግን የት ነው የሚሸናው?» አለች።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እናትየው በእፍረት «ወግጂ ከዚህ!» አሉ።

ይኸውላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ሳቅ ተናድጄ ነው። ምክንያቱም በዚያ ሳሎን ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ብቸኛው የሐኪም ጥያቄ የልጅቷ ነበር።

ዓሣው የት ይሸናል? መልሱ፦ በሚተነፍሰው ውስጥ። ዓሣ ከምግቡ የሚተርፈውን ቆሻሻ በአብዛኛው የሚያስወጣው በስንጥቡ በኩል፣ አሞኒያ አድርጎ ነው። ሐይቅ ውስጥ ቢሆን ይህ ምንም አይደለም፤ ውኃው ብዙ ነው። በ200 ሊትር መስተዋት ውስጥ ግን ዓሣው የገዛ ቆሻሻውን መልሶ ይተነፍሳል። አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥለዋል፣ ትንፋሹን ያሳጥረዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ መልኩን ያጠቁረዋል፣ በመጨረሻም በጎኑ ያስተኛዋል። ደግሞም አሞኒያ ቀለም የለውም። ውኃው እንደ መስተዋት ጥርት ብሎ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ሁሉም የመስተዋት ዓሣ በሳምንቱ የማይሞተው ለምንድን ነው? አሞኒያውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ስላሉ ነው። እነዚህ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በድንጋዩ፣ በአሸዋው ላይ ይሰፍሩና አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ናይትሬት ግን ከሁለቱ የዋህ ነው፤ በየሳምንቱ ከውኃው ጥቂቱን መቀየር ይበቃዋል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች በቅጡ እስኪሰፍሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በረኪና ግን በአምስት ደቂቃ ይፈጃቸዋል።

አሁን የሻምበልን ሰሞን መልሳችሁ አንብቡት። የበዓሉ ዋዜማ፦ ድንጋዩና ስፖንጁ በበረኪና ታጠበ፤ ጽዳት ሠራተኞቹ ባክቴሪያዎች አለቁ። በዓሉ፦ ቤቱ በእንግዳ ተሞላ፤ እንግዳው ሁሉ ከቁርጡም ከቆጮውም ቆንጠር እያደረገ ለሻምበል ወረወረለት፤ ሻምበልም ጎበዝ በላተኛ ነውና ዋጠው፤ የተረፈው ታች በሰበሰ። የበዓሉ ማግሥት፦ መብራት ሌሊቱን ጠፋ፤ ፓምፑ ቆመ፣ አየር ቀረ፣ ውኃው ቀዘቀዘ። በሦስተኛው ቀን ሻምበል ተኛ። በአራተኛው ቀን ዓይን በላው ተባለ።

ዓይን አልበላውም። እኛ ነን ያበላነው።

ስለ ካፕሱሉም ልናገር፤ ምክንያቱም ከአረቄውም ከዓይኑም የሚከፋው እሱ ነው። አረቄ የሚያዝዝ ሰው ቢያንስ የተማረ አይመስልም። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን የሚያጠቃ መድኃኒት ነው። ሻምበልን የያዘው የባክቴሪያ ማጣት እንጂ የባክቴሪያ መብዛት አልነበረም። ከበረኪናው የተረፉ ጥቂት ጽዳት ሠራተኞች ቢኖሩ እንኳ ካፕሱሉ እነሱንም ይጎዳል። ሌላም አለ፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም በበዛበት ውኃ ውስጥ ቴትራሳይክሊን ከነሱ ጋር ይጣበቅና ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ለሚጠቅመው ነገር ደካማ፣ ለሚጎዳው ነገር ደፋር የሆነ መድኃኒት ነው የሰጡት። ተከትሎ ምን ይሆናል? ያ ውኃ ይደፋል። በትንሽ በትንሹ መድኃኒቱን የቀመሱ ጀርሞች መድኃኒቱን ይለምዱታል። ነገ ያው ካፕሱል ለሰው ሲታዘዝ አይሠራም። ዓሣ ቤት የገባ ቴትራሳይክሊን ዓሣ ቤት አይቀርም።

ከፍርዶቹ ሁሉ ለእውነት የቀረበው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የተሳቀበት አስተናጋጅ። ኦስካር በእውነት ያኮርፋል። ቦታው ሲቀየር፣ ውኃው በአንዴ ሲለወጥ፣ ጠጠሩ ከለመደበት ሲነቃነቅ በጎኑ ተኝቶ፣ ምግብ ዘግቶ፣ ቀን ሙሉ ሊቆይ ይችላል፤ ያሳደጉት ሁሉ የሚያውቁት ጠባዩ ነው። ልጁ ይህን መጽሐፍ ላይ አላነበበውም። ሻምበልን በየቀኑ የሚያየው እሱ ስለሆነ ነው። የተሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ያኮረፈ ዓሣ ትንፋሹ አይቆራረጥም፣ ስንጥቡ አይቀላም። ልዩነቱን ለማወቅ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ምን እንደሚያዩ ማወቅም ያስፈልጋል። ቢሆንም የሚያይ ሰው ከሚያዝዝ ሰው ይሻላል።

የዓሣ ሕመም መነበብ የሚችል ጽሑፍ ነው። ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከፍቶ የሚያጣጥር ዓሣ አየር አጥሮታል ወይም ስንጥቡ ተጎድቷል። ገላውን ከድንጋይ ጋር የሚያሽ፣ በላዩም ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ ጥገኛ ተባይ ይዞታል። ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ እንደ ጥድ ፍሬ የቆመ ከሆነ ውስጡ ታሟል፤ ተስፋውም ጠባብ ነው። ኦስካርን የመሰሉ ትልልቅ ዓሣዎች ጭንቅላታቸው ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ሲያወጡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የከረመ ቆሻሻ ውኃና የምግብ ጉድለት አብረው አሉ። ታዲያ በእነዚህ ሁሉ ገጾች ላይ መጀመሪያ የሚነበበው መሥመር አንድ ነው፦ ውኃው። አሞኒያው ስንት ነው? ሙቀቱ ስንት ነው? መቼ ተቀየረ? በምን ታጠበ? ምን በላ? መብራት ጠፍቶ ነበር? ተማሪዎቼ ግጥሙን ሳያነቡ ትርጉሙን ሊነግሩኝ ሲሉ «መጀመሪያ አንብበው» እላቸው ነበር። አዲሎም ላይ ያልኩት ይህንኑ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህን ያወቅሁት በብልህነት አይደለም፤ በነፍስ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ቢሮዬ ውስጥ በክብ ጠርሙስ ሁለት ወርቃማ ዓሣዎች አስቀምጬ ነበር። በየሳምንቱ ዓርብ ጠርሙሱን በሳሙና አጥቤ፣ ከቧንቧ ቀጥታ ቀድቼ መልሼ እጨምራቸዋለሁ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን እንዳለበት፣ ክሎሪን ደግሞ ጀርም ብቻ መርጦ እንደማይገድል አላሰብኩም። አንዱ በወሩ ሞተ፤ «ደካማ ነበር» አልኩ። ሁለተኛው በሁለት ወሩ ሞተ፤ «ሻጩ የታመመ ሸጠልኝ» አልኩ። ሁለቱንም ጊዜ ጥፋተኛ ነበረኝ። ሁለቱንም ጊዜ ጥፋተኛው እኔ አልነበርኩም። በጣም የሚመች ምርመራ!

ተረታችን እንኳ ያግዘናል። ዓሣ መግማት የሚጀምረው ከጭንቅላቱ ነው እንላለን። አለቃ ለመስደብ ሲሆን ደስ የሚል ተረት ነው፤ እኔም ስንት ጊዜ ጽፌበታለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ተረቱ ዓሣውን ከራሱ እስከ ጅራቱ ይመረምራል እንጂ ምን ውስጥ ይዋኝ እንደነበር አንድም ቃል አይጠይቅም። እኛም እንዲሁ ነን። የታመመውን እናገላብጠዋለን፤ የታመመበትን አንጠይቅም።

ይህ ደግሞ የመስተዋት ዓሣ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቢሾፍቱን የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ውሰዱ። ውኃቸው በሙቀት ተነባብሮ ይቀመጣል፤ የታችኛው ኦክስጅን የለውም። ቅዝቃዜና ነፋስ በሚበረታበት ወቅት የላይኛው ይቀዘቅዝና የታችኛው ወደ ላይ ይደባለቃል፤ ዓሣውም በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። ጫሞ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1978 አልጌ በብዛት ፈልቶ ዓሣ አልቆ ነበር፤ አምሃ በላይ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር ውኃውን መርምረው ጥናቱን በ1982 አሳትመዋል። የዓሣውን ሬሳ ብቻ ቢያገላብጡ ኖሮ የሚያገኙት ሬሳ ብቻ ነበር።

ከዓሣ ወደ ሰው እንምጣ ካላችሁም ሩቅ አንሄድም። ወንጂ የስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ። ሠራተኛው ከጉድጓድ የወጣ፣ ለዓይን ጥርት ያለ ውኃ ጠጣ። ከዓመታት በኋላ የብዙዎች ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎም የአንዳንዶቹ ወገብና አንገት ደረቀ፣ ጀርባቸው ጎበጠ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹና ከዚያም በኋላ ባወጧቸው ጥናቶች የስምጥ ሸለቆውን ነገር በሰፊው አሳይተዋል፦ ጥፋተኛው በውኃው ውስጥ ያለ ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ይበቃል ሲል አንዳንዱ ጉድጓድ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበረው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ውኃ! የስምጥ ሸለቆ ሰው ይህን በጥርሱ ተሸክሞት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ምስክር አፉ ውስጥ ያለው ሕዝብ «ውኃው ምን ሆነ?» ተብሎ ሲጠየቅ መቀየም አልነበረበትም።

አሁን የሚመጣብኝን አውቃለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሐኪም አጥቶ በሚሞትበት አገር ስለ አንድ የሆቴል ዓሣ ሁለት ገጽ ትጽፋለህ?» የምትሉ አላችሁ። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ግን አልቀበለውም። ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ ለዓሣው ካፕሱል ያዘዘው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ልጁ ሲያስለው የሚያዝዘው ያንኑ ካፕሱል ነው። ልማዱ አንድ ነው፤ የሚለየው በሽተኛው ብቻ ነው። ዓሣው ላይ ስናየው ስለማንፈራ ነው የምንስቀው።

ሁለተኛ፣ ሻምበል ደሃ አይደለም። መስተዋቱን፣ ፓምፑን፣ መብራቱን ለመግዛት ገንዘብ ተገኝቷል። የጠፋው ሐኪም አይደለም፤ ጠያቂ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ከ1979 ጀምሮ የእንስሳት ሐኪም የሚያስተምር ተቋም አለን። ሰበታ ላይ ብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለን። ሆሳዕና ላይ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የባዮሎጂ መምህር አለ። ለመሆኑ በየከተማው አኳሪየም ከሚያስቀምጡት ሆቴሎች፣ ካፌዎችና ባንኮች ስንቱ አንድ ቀን ደውሎ ጠይቋል? ሻጩስ? አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነች ጫጩት ሲሸጥ፣ «ይቺ 30 ሳንቲ ሜትር ታልፋለች፤ ከአሥር ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ለብቻዋ 300 ሊትር ያህል ትፈልጋለች» ብሎ የሚናገር ሻጭ አላጋጠመኝም። ሻምበል በ200 ሊትር ውስጥ ታጥፎ ነው የሚኖረው።

ሦስተኛውና ዋናው ይህ ነው፦ የዝዋይ ቆሮሶ ውኃው ሲከፋበት ወደ ሌላ ጥግ ይሄዳል። ሻምበል ግን የቆሮሶ የሩቅ ዘመድ ቢሆንም፣ የሁለቱም ወገን አንድ ነውና፣ የትም አይሄድም። መሄጃውን ያሳጠርነው እኛ ነን። አንድን ፍጥረት መስተዋት ውስጥ አስገብቶ የሚቆልፍ ሰው ውኃውንም፣ አየሩንም፣ ሙቀቱንም፣ የእንግዳውን እጅም አብሮ ተረክቧል። ከዚያ በኋላ «ዓይን በላው» ማለት አይችልም። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለጨርቅ ብቻ አይደለም።

ደግሞ አንድ ሌላ መፍትሔ ቀርቦ ነበር፤ ሾፌሩ አረቄው ሲከለከልበት ያመጣው። «ይልቅ ከነነፍሱ ቢላቴ ወስዳችሁ ልቀቁት» አለ። ለርኅራኄው አመሰገንኩት፤ ሐሳቡን ግን እንደ እሳት ፈራሁት። ከደቡብ አሜሪካ ለጌጥ ተብሎ ወጥቶ ዓለምን የዞረ ሌላ እንግዳ እናውቃለን፤ እምቦጭ ይባላል። ጣና ላይ በ2011 ታየ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የጣና ዙሪያ ገበሬና ዓሣ አስጋሪ ያውቀዋል። የመስተዋት ዓሣም ቢሆን ራሱ ይራባል ወይም በሽታውን ያራባል። የታመመ እንግዳ ወንዝ ውስጥ አይጣልም።

ለማንኛውም አዲሎ ላይ ምን ተደረገ? ልጅቷንና አስተናጋጁን ይዤ ሠራን። ካፕሱሉ ቆመ። ምግብ ለሦስት ቀን ተከለከለ፤ ትልቅ ዓሣ ሦስት ቀን ቢጾም አይሞትም። ታች የበሰበሰውን ሥጋ በጎማ ቱቦ ስበን አወጣን። ሆቴሉ ለመብራት መጥፊያ ያስቀመጠው ጄኔሬተር መጀመሪያ የሻምበልን ፓምፕ እንዲያስነሣ ተስማማን፤ ቴሌቪዥኑ ሁለተኛ። ቀጥሎ ውኃው። ሁሉን በአንዴ መቀየር ሌላ በሽታ ነው፤ ስለዚህ ባለ20 ሊትር ሦስት ጀሪካን፣ 60 ሊትር፣ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ለማይሞላ። ውኃው ክሎሪኑ እንዲበን በሰፊ በርሜል ክዳኑ ተከፍቶ 24 ሰዓት ያድራል፤ ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ጋር እኩል ሲሆን ቀስ ተብሎ ይገባል። በነጋታው እንደገና ሦስት ጀሪካን። በማግሥቱም እንደገና። ባክቴሪያዎቹ መልሰው እስኪሰፍሩ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ጽዳት ሠራተኞቹ እናንተ ናችሁ አልኳቸው። ስፖንጁም ወደፊት ከራሱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ ብቻ ይታጠባል። በረኪና እዚህ ቤት ለወለል ነው።

ለዛሬ የሚሆን ውኃ ከየት ይምጣ ስንል፣ ልጅቷ ጓሮ ሮጣ ለቡና ተቀድቶ ካደረው በርሜል አመጣች። እናትየው «የእንግዳ ቡና!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ዝም አለች። ያን ዝምታ አልረሳውም፤ ከሻምበል ጋር ስንት ዓመት ኖራለች።

ባለ ካፕሱሉ ጎልማሳ ሂሳቡን ከፍሎ ሲወጣ፣ «ቲቸር፣ ሥነ ጽሑፍ ነው ያሉኝ?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። «ለዓሣው መድኃኒት ሳያዙለት ሊሄዱ ነው?» አለ ከልቡ ተገርሞ። መድኃኒት ማለት የሚዋጥ ነገር ነው ብለን ያሳደግነው ሰው ነው፤ ምን ልበለው?

በስምንተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናት፤ ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጣል። «ቲቸር! ሻምበል ተነሣ! አስተናጋጁን ሊነክሰው ነበር! አላልኩም? ያቺ ቴትራሳይክሊን ሠራች!»

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። እሷ ቀጠለች። ወሬው ተሰምቶ፣ ሌላ ከተማ ያለ ዘመዷም ዓሣ ስላለው፣ ሁለት ካፕሱል ጨምር ብላ ነግራዋለች። እሱም ጨምሯል። «ያንተኛው እስካሁን አልተነሣም አሉ፤ ምናልባት ዶዙ አንሶት ይሆን?» አለችኝ።

እንዲህ ነው ስሕተት የሚኖረው። በሽተኛው ሲሞት ዕድሜው ነበር ይባላል፤ ሲድን ካፕሱሉ ነው ይባላል። ጀሪካን ተሸካሚን የሚያስታውስ የለም። ዘመዷ ካፕሱሉን እንዲያቆምና ከጀሪካኑ እንዲጀምር አስረዳኋት፤ «እሺ» አለች፤ እሺታዋ ግን አላስተማመነኝም።

ስልኩን ልዘጋ ስል ልጅቷ ተቀበለቻት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ እማዬ ካፕሱሉ ነው ትላለች» አለችኝ። «እኔ ግን ጀሪካኑን አላቆምኩም።»